ሙሾ አውራጇን አክስቴን ከወገራ ለማምጣት

ጎንደር ደርሼ መጣሁ ስል ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ግንቡ ነው። ግንቡን ያየሁት በባጃጅ የላስቲክ መስኮት፣ ያውም በዝናብ ነው። ስለ ግንብ ማንበብ የፈለገ ሰው እዚሁ ላይ ቢተወኝ አልቀየምም። እኔ የሄድኩት የአባቴን ታላቅ እህት ማንጠግቦሽን ለጨረር ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ለማምጣት ነበር።

አክስቴ የምትኖረው በወገራ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ መለስ ባለ መንደር ነው። ሙሾ አውራጅ ናት። እኛ አዳማ ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ጥለን፣ የፕላስቲክ ወንበር ደርድረን፣ ስልካችንን እየነካካን እንቀመጣለን። በእሷ አገር ግን ሕዝቡ ሜዳ ላይ ይወጣና አንድ ሰው መሐል ቆሞ የሟቹን ሥራ በግጥም ያወርዳል፤ ሌላው እየተቀበለ ያለቅሳል። የዚያ አካባቢ ያ ሰው አክስቴ ነበረች። ድምጿ መሻከር ሲጀምር ማንም አልደነገጠም፤ «ለቅሶ በዛባት» ተባለ። ቆይቶ ሲታይ ማንቁርቷ ላይ ነቀርሳ ተገኘ።

በአገሩ «ነቀርሳ ብረት ከነካው ይበተናል» ይባላል። ስለዚህ ሐኪሞቹ አንገቷን ሳይከፍቱ፣ በአፏ በኩል፣ ዕጢውን በሌዘር ብርሃን ቆርጠው እንደሚያወጡት ሲነግሯት ወዲያው ተስማማች። «ብርሃን ብረት አይደለም» አለች። ቀዶ ሕክምናው ጥሩ ሆነ። ሆኖም የወጣው ሥጋ ሲመረመር ጠርዙ አላማራቸውም፤ ቁስሉ ሲሽር ጨረር እንዲጨመርበት ወሰኑ። ሁለቱ ከተደጋገፉ ማንቁርቷን ይዛ የመኖር ጥሩ ተስፋ አላት። ጨረሩ ከቀረና በሽታው ከተመለሰ ግን ማንቁርቱን በሙሉ ማውጣት ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ የምትተነፍሰው በአንገቷ ቀዳዳ ነው፣ የነበራት ድምፅም አብሮ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ተነግሯት ለማገገም አገሯ ገባች። ከዚያ የጨረሩ ቀጠሮ ሰኞ ሊሆን ሳምንት ሲቀረው በስልክ «አልመጣም» ብላ ስልኩን ለልጇ ሰጠችው። ቀጠሮው ካለፈ ወረፋው ረጅም ነው፤ በሽታው ደግሞ ወረፋ አይጠብቅም።

አባቴ ዓይኑን ታክሞ ገና በፋሻ ነበር። «እኔ ልሂድ» አልኩት።

«አንቺ?» አለ ባልተሸፈነው ዓይኑ እያየኝ። «ባጃጅ ውስጥ ሙዚቃ ቀንስልኝ ማለት የምታፍሪ ልጅ፣ ማንጠግቦሽን ልታሳምኚ?»

እውነቱን ነው። የምሠራው በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ ዝም ማለት ደመወዝ የሚከፈለኝ ሥራዬ ነው። ቢሆንም ሄድኩ።

ረቡዕ

አውሮፕላኑ አዘዞ ሲያርፍ ዝናብ ነበር። አዳማ ዝናብ ሲመጣ ሰው ተመስገን ብሎ በረንዳ ላይ ይወጣል፤ እዚህ ሁሉም ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ መንገዱን ይቀጥላል። እኔ የያዝኩት ሹራብ ለአዳማ ታኅሣሥ የሚበቃ ነው፤ ለጎንደር ከሰዓት አልበቃም።

ያደርኩት ፒያሳ አጠገብ ባለ ፔንሲዮን ነው። ውሃ የለም። ባለቤቷ ደልዳላ ሴትዮ ናት፤ ስንቀጠቀጥ ብታየኝ ከራሷ ቤት በባልዲ የሞቀ ውሃ አመጣችልኝ። ቀጥላ በጾም ፍርፍር ላይ የተቀቀለ ድንች ጨምራ አቀረበችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ሰው ብቻውን ሲበላ ማየት አትችልም መሰለኝ። አዳማ ቢሆን ሒሳብ ተቀብለው ይሄዳሉ።

«ዘመድ ጥየቃ ነው?» አለችኝ።

«አክስቴን ለጨረር ላመጣ ነው።»

ፊቷ ተለወጠ። «ውይ እህቴ! ጨረር እኮ ይጨርሳል ነው የሚባለው። የጎረቤታችን ባል ሄዶ በሳጥን ነው የመጣው።»

መልሱን አውቀዋለሁ። ብዙ ሰው ጨረር የሚደርሰው በሽታው ከተንሰራፋ በኋላ ስለሆነ፣ የበሽታው ኃጢአት ሁሉ በጨረሩ ላይ ይጻፋል። ይህንን አስተካክዬ ልነግራት እችል ነበር። እኔ ግን ድንቹን አላመጥኩ፣ «እሺ» አልኩ። ክፍሌ ገብቼ ራሴን ተቆጣሁ። ለማላውቃት ደግ ሴት አንድ እውነት መናገር ያቃተኝ ሰው ለአክስቴ ምን ልላት ነው?

ሐሙስ

መንገዱ ክፍት መሆኑን ሾፌሮቹ እርስ በርስ በስልክ ካረጋገጡ በኋላ ሚኒባሷ ተነሣች። መንገዱ ሽቅብ ነው። የእኛ አገር መንገድ ተዘርግቶ ይተኛል፤ ይህኛው ቆሞ ይሄዳል። ኮሶዬ ላይ ጉም ስለወረደ መኪናው ቆመ፤ የመንገድ ዳር ቤት ገብተን ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ በላን። አጠገቤ የተቀመጠች የወገራ ሴት ከንፈሬ ሰማያዊ መሆኑን አይታ፣ ሳትጠይቀኝ የጋቢዋን ግማሽ ትከሻዬ ላይ ጣለች። ከዚያ በኋላ በአንድ ጋቢ ሁለት ሆነን ተጓዝን።

ችግሩ መውረጃዬ ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ዓለሙ በስልክ «ትልቁን ባሕር ዛፍ ስታዪ ወራጅ አለ በይ» ብሎኛል። ባሕር ዛፉን አየሁት። «ወራጅ አለ» አልኩም። ግን የተናገርኩት ለራሴ ነው እንጂ ለረዳቱ አይደለም። ባሕር ዛፉ አለፈ። ሁለተኛ ለማለት አፈርኩ። እንዲህ እያልኩ አምባ ጊዮርጊስ መናኸሪያ ገባሁ።

«የት ነው የምትወርጂው?» አለችኝ ባለ ጋቢዋ።

ነገርኳት።

«ያን አለፍነው እኮ! ምነው፣ አፍሽን አዳማ ትተሽው መጣሽ?» ሳቀች፤ ግን ብቻዬን አልተወችኝም። ወደ ጎንደር የምትመለስ ሚኒባስ አፈላልጋ አሳፈረችኝና ረዳቱን «ይችን ልጅ ባሕር ዛፉ ጋ ጣላት! እሷ አትጮህም፣ ራስህ አስታውስ!» ስትል ገበያተኛው ሁሉ ዞር አለ። ጋቢውን ልመልስላት ስል በእጇ ገፋችው። «ስትመለሺ ትሰጪኛለሽ» አለች፤ የት እንደምንገናኝ ሳትነግረኝ።

ዓለሙ ባሕር ዛፉ ሥር በቅሎ ይዞ ቆሟል። በቅሎ ላይ መውጣት ፈርቼ በእግሬ ልሂድ አልኩ። ጭቃው አንድ ጫማዬን ወሰደው፤ ዓለሙ እስከ ክርኑ ገብቶ አወጣልኝ። አክስቴ ቤት የደረስኩት ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው።

አክስቴ በር ላይ ቆማለች። ረጅም ናት፤ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማዋለች። «ወንድሜ ሽማግሌ ይልካል ብዬ ስጠብቅ ልጅ ላከብኝ?» አለች። ድምጿ በደረቅ ሣር ላይ የሚጎተት ቆዳ ይመስላል፤ ግን ይሰማል።

«አክስቴ፣ እንዴት ነሽ?» አልኳት።

ዓለሙ ደነገጠ። «እዚህ እኮ ለእናት አንቱ ነው የሚባለው» አለኝ በጆሮዬ።

እሷ ሰማችው። «ተዋት! አንቱታ ለአሮጊት ነው። እኔ ገና ነኝ» አለች። በዚያው ቀረ፤ እስከ መጨረሻው አንቺ እያልኩ ሄድኩ።

ዓርብ

ጠዋት የገብሱ እርሻ ዳር ተቀመጥን። ሐኪሙ ያዘዛትን በጥንቃቄ ትጠብቃለች፦ አትጮህም፣ አታንሾካሹክምም። ማንሾካሾክም ጉሮሮን እንደሚጎዳ ከእሷ ነው የሰማሁት። ዝግ ባለ ድምፅ፣ ቃሉን እየመረጠች ትናገራለች። ታዲያ ትእዛዝ የምታከብር ሴት ጨረሩን ለምን እምቢ አለች?

«ነርሷ ራሷ ነገረችኛ» አለች። «'ጨረሩን ስትጨርሺ እንሸኝሻለን' አለችኝ።»

አልገባኝም። አክስቴ ትዕግሥቷ አለቀ።

«አንቺ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ምን ስሠራ ነው የኖርኩት? ስሸኝ! ስንቱን ሸኘሁት! ሰው እንሸኝሻለን ሲለኝ ምን ማለቱ እንደሆነ አላውቅም? ደግሞ ሳታፍር፣ እየሳቀች!»

መሳቅ አማረኝ፤ ማልቀስም። «አክስቴ፣ ሆስፒታል ውስጥ መሸኘት ማለት ሌላ ነው። ታክመሽ ስትጨርሺ ወደ ቤትሽ ይልኩሻል ማለት ነው። ድኖ ለሚወጣውም የሚሉት ይህንኑ ነው።»

«ታዲያ ለምን በአማርኛ አይናገሩም?»

ስለ ጨረሩ የማውቀውን እኔ በአማርኛ ነገርኳት። ሌዘሩ ያወጣው የታየውን ነው። ጨረሩ የሚያባርረው ዓይን የማያየውን ነው፤ እንክርዳድ የነቀልሽበት መሬት ውስጥ እንደቀረ ዘር ነው አልኳት። ከቅዳሜና እሑድ በቀር በየቀኑ፣ ለሳምንታት ትመላለሻለሽ። አያምም፤ እየቆየ ግን ጉሮሮሽ ይቆስላል፣ አፍሽ ይደርቃል፣ እህል መዋጥ ይከብድሻል፣ የአንገትሽ ቆዳ ይጠቁራል። ደብቄያት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ አልደበቅኩም።

«ያድነኛል? በይ ማይልኝ።»

«አልምልም። ሐኪሙም አልማለም። ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ይኼ ነው ነው ያለው።»

«እዚህ የመጣው ሁሉ ሲምልልኝ ነው የከረመው» አለች። «ይሄኛው በጠበል ይምላል፣ ያኛው በቅጠል። አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።» እሺ ግን አላለችም።

ከሰዓት ጎረቤቷ ጥሩዬ ቆሎ ይዛ መጣች። አክስቴ ከታመመች ወዲህ በለቅሶ ላይ ሙሾ የምታወርደው እሷ ናት። ደግ ሴት ናት፤ ግን አክስቴን የምታያት ዓይኗን አጥብባ፣ ልብስ እንደሚለካ ሰፊ ነው። «እቴ ማንጠግቦሽ፣ ምነው እዚሁ አርፈሽ ብትቀመጪ?» ትላለች። «ከአገር ሳይወጡ ማረፍም ሸጋ ነው።»

«አንቺ ደክሞሽ ከሆነ እረፊ» አለቻት አክስቴ።

ፀሐይ ስትጠልቅ የዕድሩ ጥሩንባ ተነፋ። አያ ካሳ የሚባሉ የአገሩ አስታራቂ ሽማግሌ አርፈዋል። አክስቴ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። የባሏን ቤተሰብና የእሷን ቤተሰብ ያስታረቁት እሳቸው ናቸው፤ ለእሳቸው አለማልቀስ እዚያ አገር ነውር ነው። አንድ ጊዜ ብቻ እንደ ድሮዋ ብትጮህ ደግሞ ገና የሻረው ቁስል ይተረተራል፤ ጨረሩም ላልታወቀ ጊዜ ይተላለፋል።

«ዝም ብዬ እቆማለሁ» አለች። ዓለሙም እኔም አላመንናትም።

ቅዳሜ

ለቅሶው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለ ሜዳ ላይ ነው። ሕዝቡ ክብ ሠርቷል፤ የሟቹ በርኖስና በትር መሐል ተይዟል። አዳማ ብሆን ከኋላ ወንበር ይዤ እደበቅ ነበር፤ እዚህ ወንበርም ኋላም የለም። አክስቴ እጄን ይዛ ፊት ቆመች። ሰው ሁሉ አያት። አንዳንዱ ከንፈሩን መጠጠላት።

ጥሩዬ መሐል ገባች። ስለ አያ ካሳ ጥቂት አወረደች፤ ሰዉም አለቀሰ። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ እንባዋን እያፈሰሰች እንዲህ አለች፦

«አያ ካሳ ስትሄድ መንገዱን ጥረግላት፣
ድምጿን የተቀማች ትመጣለች ኋላ።»

ሜዳው በዋይታ ተናጠ። ለአክስቴ ነው የሚያለቅሱት። ቆማ እያየቻቸው፣ እጄን ይዛ፣ ለእሷ ያለቅሳሉ። ጣቶቿ እጄ ላይ ሲጠብቁ ተሰማኝ። ደረቷ ተነፋ፤ የአንገቷ ሥር ተገተረ። ልትጮህ ነው ብዬ ክንዷን በሁለት እጄ ያዝኳት።

አልጮኸችም። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

«ቤት እንኳ አልመታም!» አለች። «ጥረግላት ብላ ኋላ? በዚህ ግጥም ነው እኔን የምትሸኘኝ? እንዲህ ከሆነማ አልሞትም!» ቀጥላም በዝግታ፣ ቃል በቃል፣ ግጥም ነገረችኝ። «በይ፣ ውጪ።»

«እኔ?»

«እኔማ ተከልክያለሁ። አፍ ያለሽ አንቺ ነሽ።»

«አልችልም አክስቴ።»

«እኔን ጉሮሮሽን በብርሃን አስቆርጪ፣ ቀጥሎ ደግሞ በጨረር አስጠብሺ እያልሽኝ፣ አንቺ ሁለት መስመር መናገር አቃተሽ?»

ከኋላዬ ገፋችኝ። ክቡ መሐል ገባሁ። ያ ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ነበር። የመጀመሪያው ቃል አልወጣም። ሁለተኛ ስሞክር ወጣ፤ ቀጭንና የሚንቀጠቀጥ ነበር፣ ግን ወጣ፦

«የተጣላ ሁሉ ካንተ ደጅ ሲታረቅ፣
አንተንና አፈሩን ማን መጥቶ ያስታርቅ።»

አንድ ሽማግሌ በትራቸውን መሬት ላይ መትተው «ወይኔ ካሳ!» ብለው ጮኹ። ሜዳው ተቀበለ። የአክስቴ ሥራ መሆኑን ሁሉም አውቋል። የሟቹ ሚስት ነጠላዋን ዘርግታ ወደ አክስቴ አቅጣጫ እጅ ነሣች። ውለታው ተመለሰ። አክስቴ ግን በአገጯ «ቀጥዪ» አለችኝ። ቀጣዩን ለማለት ከሁሉም የባሰ ፈራሁ፤ አልኩት፦

«አያ ካሳ ደጉ በል ግባ ብቻህን፣
እኔስ ቀጠሮ አለኝ፣ አላንኳኳም ደጅህን።»

ሟቹን የሰደብን መሰለኝ። በሴቶቹ በኩል አንዲት በነጠላዋ ውስጥ ፍርፍር ብላ ሳቀች፤ ሌላዋ ተከተለቻት። ያ በትር የመቱት ሽማግሌ «ካሳም ቢሰማ ይስቅ ነበር» አሉ። ጥሩዬ እንባዋን ጠርጋ መጣች።

«እቴ ማንጠግቦሽ፣ ስንት ቀን የለፋሁበትን ሞትሽን ቀማሽኝ እኮ!»

«ቤት መምታት ስትማሪ እሰጥሻለሁ» አለቻት አክስቴ። ከዚያ ወደ ዓለሙ ዞረች። «ቀጠሮ አለኝ ብዬ በአገር ፊት ተናግሬያለሁ። ቃሌን አታሳብሉኝ። ማኪናው ስንት ሰዓት ነው የሚያልፈው?»

ልብስ ለመቀየር እንኳ ቤት አልገባችም። በለቅሶ ልብሷ በበቅሎ ወጥታ ከሜዳው በቀጥታ አስፋልት ደረስን። ማታ ጎንደር ፔንሲዮኑ ውስጥ ባለቤቷ አክስቴን አይታ ከምድር ቤት ክፍል ሰጠቻት። ሽሮውን ያለ በርበሬ ሠርታ፣ እንጀራውን አድቅቃ ፈትፍታ አመጣችላት። አክስቴ በዝግታ ዋጠች። «ወዴት ነው ጉዞው?» ስትባል፣ እኔ መልስ ሳልሰጥ «ወደ ጨረር» አለች። ሴትዮዋ አፏን ስትከፍት ግን እኔ ቀደምኳት። ረቡዕ ያልነገርኳትን ሁሉ፣ ሰው የሚሞተው ዘግይቶ ስለሚሄድ መሆኑን ጭምር፣ ነገርኳት። ጉንጬ ቢቃጠልም ጨረስኩት። «አሃ» አለች ሴትዮዋ፤ ሄዳ ለአክስቴ ሁለተኛ ብርድ ልብስ አመጣች።

እሑድ

አውሮፕላኑ በጉም ምክንያት ዘገየ። አክስቴ አዘዞ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ የተሳፋሪዎቹን አለቃቀስ ስትገምት ዋለች። «ይሄ ለእናቱም አያለቅስ» ትላለች፣ ሻንጣ የሚጎትተውን እያሳየችኝ። አየር ላይ ወጥተን ተራራው ከሥራችን ሲያልፍ በመስኮት አልተመለከተችም። «ከተመለከትኩ መውረድ ያምረኛል» አለች፣ ዓይኗን ጨፍና። እጇ ቀዝቃዛ ነበር። ፈርታ ነበር፤ ይህንን አልክድም። ቀበቶዋን ግን ካረፍን በኋላም ራሷ ነው የፈታችው፣ ማንም እንዲነካት አልፈቀደችም።

ሰኞ

የመጀመሪያው ቀን ጨረር አይሰጥም። በፊቷና በአንገቷ ልክ ጭንብል ይሠራል፤ ሕክምናው ሲጀመር በየቀኑ ያንን አድርጋ፣ ሳትነቃነቅ፣ ብቻዋን ክፍል ውስጥ ትተኛለች። ይህንን የሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ ተቀምጠን ነገርኳት። «ፊቴን ሊሸፍኑት?» አለችና ነጠላዋን አንገቷ ላይ አጠበቀች። መተላለፊያው በሰው ተሞልቷል። ከየአገሩ የመጣ ነው፤ አንዳንዱ አንገቱ ላይ ፋሻ አለው፣ አንዳንዱ በአስታማሚው ክንድ ተደግፏል። ማንም አይነጋገርም። ስም ሲጠራ የሚነሣው አስታማሚ ነው፤ «አቤት» የሚለውም አስታማሚ ነው። ታማሚዎቹ ስለ እነሱ ሳይሆን ስለ ሌላ ሰው የሚነገር ይመስል ወለሉን ያያሉ።

በሩ ተከፈተ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጣት ወረቀቱን አየና ጠራ፦

«ማንጠግቦሽ!»

«አቤት!» ልል ተነሣሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ለመጮህ አላፈርኩም ነበር። አክስቴ ግን ቀሚሴን ይዛ ጎትታ አስቀመጠችኝ። ነጠላዋን ከአንገቷ ፈታች፤ ቀጥ ብላ ቆመች። አልጮኸችም፣ አላንሾካሾከችምም። በዚያችው በሻከረች ድምጿ፣ መተላለፊያው ሙሉ ቀና ብሎ እንዲያያት ባደረገ ዝግታ መለሰች፦

«አለሁ።»